አራቱ በሮችና ዘንባላ ተራራ

ካርታ ሠሪዎች ቀለም አልቆባቸው ብዕራቸውን ባስቀመጡበት ጥግ ላይ አንድ አገር ነበረ። ሰዎቹ እንግዳ አክባሪዎች፣ ከለቅሶ ቤት የማይቀሩ፣ ለጎረቤት እሳት የማይነፍጉ ደጎች ነበሩ። አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው፤ ምንም ነገር ማወቅ አይፈቀድላቸውም። ሕጉ እርግጥ እንዲህ ደረቅ ብሎ አልተጻፈም። ሕጉ የሚለው፣ «ማንኛውም ነገር ታወቀ የሚባለው በአራቱ በሮች በተራ ሲያልፍ ብቻ ነው» ነው።

አራቱ በሮች በከተማው መካከል በቆመው በእውነት ቤት ውስጥ በመስመር ተደርድረዋል። ፊተኛው የጥያቄ በር፣ ቀጥሎ የግምት በር፣ ከዚያ የሙከራ በር፣ መጨረሻ ላይ የፍርድ በር ነው። በየበሩ ሹም ተቀምጧል፤ ሊቀ ጥያቄ፣ ሊቀ ግምት፣ ሊቀ ሙከራና ሊቀ ፍርድ ይባላሉ። አንድ ነገር አውቄያለሁ የሚል ሰው በመጀመሪያው በር ገብቶ ጥያቄውን ይናገራል። በሁለተኛው ግምቱን ይሰጣል፣ በሦስተኛው ሙከራውን ያሳያል፣ በአራተኛው ይፈረድለታል። ከተፈረደለት ነገሩ በሸክላ ማኅተም ይታተምና «እውቀት» ይሆናል። ከማኅተም በፊት ያለው ሁሉ «ወሬ» ነው። አንዱን በር ዘሎ ሌላውን ማንኳኳት ያስቀጣል። በመስኮት አጮልቆ ማየትም ያስቀጣል።

ስለዚህ አገሬው ሲናገር ይጠነቀቃል። እናት ልጇን «ጎረምሳ ሆነሃል የሚል ወሬ አለ» ትለዋለች። ምሳ የዘገየበት ባል «ርቦታል እየተባልኩ ነው» ብሎ ወደ ጓዳ ይጣራል። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ጣሪያ ሲነድ ጎረቤቱ መጥቶ በሩን በትሕትና አንኳኳና፣ «ይቅርታዎን፣ ስለ ጣሪያዎ አንድ ያልተጣራ ነገር ሰምቼ ነበር» አለው ይባላል።

በዚህ አገር ከሁሉ የከበረው ስም የእማዋይሽ ነበር። እማዋይሽ የተማረች ሴት ናት፤ ከእውነት ቤት ትምህርት ቤት ከወጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ። ግን ዓይን አፋር ነበረች፤ ዓይን አፋርነቷም እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ሰው ሁለት ጊዜ ካያት ጆሮዋ ይቀላል፤ ሦስተኛ ካያት መንገድ ትቀይራለች። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ዝነኛ ሆነች ቢባል፣ ውሃ ያጠራችው እርሷ ስለሆነች ነው። አገሬው ከጥንት ጀምሮ የወንዙን ድፍርስ ውሃ ጠጥቶ ሆዱን ሲቆርጠው ይኖር ነበር። እማዋይሽ የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን ወደ ታች እንደሚያወርደው አሳየች። በአራቱም በር አለፈች፤ ታተመላት። ከዚያ ወዲህ ልጆች በየትምህርት ቤቱ እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ «እማዋይሽ ጠየቀች! እማዋይሽ ገመተች! እማዋይሽ ሞከረች! እማዋይሽ ተፈረደላት!» እያሉ ይዘምራሉ። እርሷ ዝማሬውን በሰማች ቁጥር በሌላ መንገድ ትዞራለች፤ ሰውም «አይ ትሕትናዋ!» ይላል።

ትሕትና አልነበረም። እማዋይሽ አልጠየቀችም፣ አልገመተችም፣ አልሞከረችም።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጃገረድ ሳለች አንድ ቀን ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት ቤታቸው መጡ። እርሷ ድምፃቸውን ስትሰማ ሮጣ ጓዳ ገባችና ከእንስራው ጀርባ ተወሸቀች። አጠገቧ ለታመሙ ዶሮዎች ተወቅጦ የተቀመጠ የሽፈራው ፍሬ ነበር። በጭንቀት እየዘገነች በመዳፏ ስታሸው፣ ስታሸው፣ አባቷ «እማዋይሽ! ነይ ሰላም በያቸው!» ብለው ሲጣሩ ደነገጠችና የዘገነችውን እንስራው ውስጥ ለቀቀችው። አልወጣችም። ሽማግሌዎቹ ረጅም ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ስለነበሩ አመሻሽ ላይ ነው የሄዱት። እርሷ ቀና ስትል ድፍርሱ ውሃ ጠርቶ እስከ እንስራው ወገብ ድረስ ይታያል።

አባቷ ውሃውን አይተው ወደ እውነት ቤት ሲያቀርቧት ሊቀ ግምት «ግምትሽ ምን ነበር?» አላት። እውነቱን ብትናገር፣ «ከሽማግሌ ተደብቄ ነበር» ልትል ነው፤ ያውም አዳራሽ ሙሉ ወንድ ፊት። ጆሮዋ ነደደ። «ፍሬው ውሃውን ያጠራዋል ብዬ ገምቼ ነበር» አለች በቀጭን ድምፅ። መቼ እንደገመተች ማንም አልጠየቃትም። ያቺን አንዲት ቃል ይዛ አረጀች ማለት ይቻላል።

የከፋው ደግሞ ክብሯ ነው። በእውነት ቤት ውስጥ «የምሳሌ ወንበር» የሚባል ከፍ ያለ ወንበር ተሠርቶላት፣ ማንም ሰው በበሮቹ ሲያልፍ እዚያ ላይ እንድትቀመጥ ተወሰነ። የሚያልፈው ሰው ሲሳሳት ሹሞቹ በጣታቸው ወደ እርሷ ያመለክታሉ። ምሳሌ መናገር አይፈቀድለትም፤ መታየት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ፣ አንድ ዓመት ከክረምት በፊት አዝመራው የሚባል ሰው በጥያቄ በር ገባ። አዝመራው የምድር አንባቢ ነው። ዶማ ይዞ ገደል ለገደል ይዞራል፣ አፈር ይቀምሳል፣ ድንጋይ ያሸታል። ከከተማው በላይ ዘንባላ የሚባል ተራራ አለ፤ ከሥሩ ግርጌ ሰፈር የሚባል መንደር። ተራራው ዘንባላ የተባለው ስለዘነበለ ነው፤ ግን ስሙ እንጂ መዘንበሉ ማኅተም ስለሌለው ማንም አያስበውም።

«ጥያቄህ?» አለ ሊቀ ጥያቄ።

«ዘንባላ ተራራ በዚህ ክረምት ይናድ ይሆን ወይ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ሊቀ ጥያቄ። ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። «እለፍ።»

ሊቀ ግምት መነጽሩን አስተካከለ። «ግምትህ ምን ነበር?»

«ግምት አልነበረኝም ጌታዬ። ለሸክላ የሚሆን አፈር ስፈልግ ነው ያየሁት።»

«ሳትገምት አየህ?»

«ዓይኔ ተከፍቶ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ ግምት አልሳቀም። «ውጣና ገምተህ ተመለስ» አለው። አዝመራው ወጣ፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ተመልሶ ገባ። «ገመትኩ ጌታዬ። ይናዳል ብዬ።»

«አየህ? ሰው መሰልክ።»

ሊቀ ሙከራ ዘንድ ግን ነገሩ ጠጠረ። ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ተቀምጧል፤ የሰማይ ተመልካቹ ነው። ፀሐይ የምትጋረድበትን ቀን ቀድሞ ተናግሮ ሁልጊዜ ይሠምርለታል፤ ግን ፀሐይን በእጁ ጋርዶ እስኪያሳይ ድረስ እንዲጠብቅ ስለተነገረው እዚያው ሸበተ። አዝመራው እርሱን አየና ተስፋው ቀነሰ።

«ሙከራህን አሳየን» አለ ሊቀ ሙከራ።

«ተራራ ነው ጌታዬ። እንዴት አድርጌ ልሞክረው?»

«ቀላል ነው። ሁለት ተራራ ታመጣለህ። አንዱን በውሃ ታርሳለህ፣ ሌላውን ደረቅ ትተዋለህ።»

«ሁለተኛውን ተራራ ከየት ላምጣ?»

«እሱ የባለ ጉዳዩ ኃላፊነት ነው።»

«ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት ተንዶ እንደነበር ምልክቱ መሬት ውስጥ አለ እኮ!»

«ያለፈ ነገር ሙከራ አይደለም። እንደገና ይናድና እንይ።»

«እንደገና ከተናደ ግርጌ ሰፈር ያልቃል!»

«እንግዲያው ውጤቱ ግልጽ ይሆናል» አለ ሊቀ ሙከራ ረክቶ። ከዚያ ጣቱን ወደ ምሳሌው ወንበር ቀሰረ። «እሷን ተመልከት! ጠየቀች፣ ገመተች፣ ሞከረች። ምን ጎደለህ? እንደ እማዋይሽ አድርግ። ሁለተኛውን ተራራ ይዘህ ካልመጣህ ቃልህ ውሸት ተብሎ ይታተማል፤ አንተም ከአገር ትወጣለህ።»

እማዋይሽ ወንበሯ ላይ ሆና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

ሲበተኑ አዝመራው ደጅ ላይ ጠበቃት። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ «እሜቴ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ መጀመሪያ እንዴት ገመቱ? እኔ ሁልጊዜ ካየሁ በኋላ ነው የሚመጣልኝ። አእምሮዬ ይሆን የተጣመመው?»

እማዋይሽ እግሯን አየች። «ተሳስተህ ቢሆንስ?» አለችው። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እርሱ ከተሳሳተ ተራራው አይናድም፤ ተራራው ካልተናደ ማንም አይሞትም፤ ማንም ካልሞተ የእርሷ ነገር እንደተቀበረ ይቀራል።

«ልሳሳት እችላለሁ» አለ አዝመራው። «ግርጌ ሰፈር የተቀመጠበትን ጭቃ ያወረደው ያ ተራራ ከሆነ፣ ከጭቃው ሥር አሮጌ መሬት መኖር አለበት፤ ሣር፣ እህል የበቀለበት መሬት። እርስዎ በመረጡት ቦታ እንቆፍር። ከሌለ ቃሌን አነሣለሁ፤ አገሩንም ራሴ እለቃለሁ።»

በማግሥቱ እማዋይሽ ግርጌ ሰፈርን ከዳር እስከ ዳር ዞረች፤ ቦታ መረጠች ከማለት ሸሸች ማለት ይቀላል። በመጨረሻ ከተራራው እጅግ የራቀውን፣ ሜዳውን፣ የእትዬ አሰገደችን ጓሮ መረጠች። እትዬ አሰገደች ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ግን በሕይወት ያለ ሴት ናት።

«ምን ልትቀብሩ ነው?» አለች ወገቧን ይዛ።

«ቁፋሮ ነው እትዬ» አለ አዝመራው። «ተራራው ይናዳል የሚል ወሬ…»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። የኔ ጎመን ምን አጠፋ ነው የምልህ።»

«እሜቴ ናቸው የመረጡት።»

እትዬ አሰገደች ዞር ብላ እማዋይሽን አየቻትና አፏን ያዘች። «እማዋይሽ ጠየቀች የሚሏት? እኔ ረጅም ትመስለኝ ነበር!»

ቆፈሩ። አዝመራው ዶማ ይዞ፣ እማዋይሽ አፈር በቁና እያወጣች። ጭቃ፣ ድንጋይ የተቀላቀለበት ጭቃ፣ ደግሞ ጭቃ። እርሷ በልቧ «ምነው ምንም ባይኖር» እያለች ነው። ጉድጓዱ አዝመራውን እስከ አናቱ ሲውጠው ደስ ሊላት ጀመረ። ልክ ያኔ ዶማው ጠንካራ ነገር ነካ። አዝመራው በእጁ ጠረገው። ሦስት ጉልቻ ነበር። በተተከለበት ቆሟል፤ በመካከሉ ከሰል አለ፤ በአንደኛው ጎን የተሰበረ ድስት ተኝቷል።

እትዬ አሰገደች ከላይ ሆና አጎንብሳ አየች። በኋላ፣ «ወጧን ሳታወጣ ነው የሄደችው» አለች።

«ወይም አልሄደችም» አለ አዝመራው።

ከዘንባላ ወዲያ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

«እንግዲያው አሁኑኑ ውጡ» አለች እማዋይሽ፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ነበር።

«የት እንውጣ እቱ?» አለች እትዬ አሰገደች። «በወሬ ቤቱን የለቀቀ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ቤቱን ያፈርሱበታል፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ኑር ይሉታል። ማኅተሙን አምጡልኝ እንጂ እኔማ ዶሮዎቼን ታቅፌ ዛሬውኑ ነው የምወጣው።»

እማዋይሽ ቤቷ ገብታ መስተዋት ፊት ቆመች። «እኔ አልገመትኩም» ብላ ልትለማመድ ሞከረች። ለመስተዋቱ እንኳ መናገር አፈረች።

የፍርዱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ግርጌ ሰፈር ከነልጆቹ መጥቷል። ሊቀ ሙከራ ገና አዝመራው ሲገባ፣ «ሁለተኛው ተራራስ?» አለው።

«አላመጣሁም ጌታዬ። ጉልቻ ግን አገኘን። መጥታችሁ እዩት።»

«ሹም ከወንበሩ አይነሣም» አለ ሊቀ ሙከራ። «ሊቀ ፍርድ ሆይ፣ ይህ ሰው ሙከራ የለውም።»

ሊቀ ፍርድ የውሸት ማኅተሙን አነሣ። እማዋይሽም ከምሳሌው ወንበር ተነሣች።

«ምሳሌ አይነሣም!» አለ ሊቀ ግምት ደንግጦ።

«እኔ አልገመትኩም» አለች እማዋይሽ።

«ምን አለች?» «ታመመች እንዴ?» ተባለ ከኋላ።

«ጮክ በይ የኔ እመቤት!» ብላ ጮኸች እትዬ አሰገደች። «እዚህ ያለነው አልሰማንሽም!»

«አልገመትኩም!» አለች እማዋይሽ። ጆሮዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ግን ከጀመሩ ወዲያ ማቆምም እንደ መጀመር ከባድ ነው። «ግምት የሚባል አልነበረኝም። ሽማግሌ መጥቶብኝ ጓዳ ተደብቄ ነበር። ፍሬው ደንግጬ ከእጄ አመለጠኝ። ውሃው ሲጠራ ከሁሉም ሰው በላይ የገረመኝ እኔን ነው። ጥያቄውንም ግምቱንም ያመጣሁት እዚህ መጥቼ፣ ስጠየቅ ነው።»

ከዚያ ከግድግዳው ሥር አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ «ለካ ለዚህ ኖሯል!» አሉ። «ያን ቀን እኮ መልስ ሳናገኝ ነው የተመለስነው! እኔማ ልጁን ንቀውት ነው ብዬ ተቀይሜ ቀረሁ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሊቀ ግምት ግን ነጭ ሆኗል። «ማኅተሙ ይሰበር!» አለ። «በተራ ያላለፈ እውቀት የለም! ከዛሬ ጀምሮ ውሃው ድፍርስ ነው!» ይህን ሲል ጉሮሮው ስለደረቀ ፊት ለፊቱ ካለው ብርጭቆ ተጎነጨ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር።

«ውሃው ምንም አልሆነም ጌታዬ» አለች እማዋይሽ። «ማንም ሰው ቤቱ ገብቶ ፍሬውን ጨምሮ ማየት ይችላል፤ ስንት ዓመት ሲያየው ኖሯል። ውሸቱ ያለው ውሃው ውስጥ ሳይሆን እኔ በነገርኳችሁ ታሪክ ውስጥ ነው። አዝመራው እንደኔ አድርግ ተባለ። እኔ ያደረግኩትን ማንም ሊያደርገው አይችልም፤ እኔ ራሴ አላደረግኩትማ!»

ከዚህ በኋላ ሥርዓት ጠፋ። የሰማይ ተመልካቹ ከአግዳሚው ተነሥቶ፣ «እኔ ቁጭ ብዬ ከማየት በቀር ምንም አልሠራሁም፤ ፀሐይን ነክቼ አላውቅም!» አለ። አንድ ወጌሻ ቀጠለ፤ አጥንት መጠገን የጀመረው የራሱን እግር ሰብሮ ነው። ሰማያዊ ቀለም ያገኘችው ሴትም ቀይ ስትፈልግ እንደተሳሳተች ተናገረች። እያንዳንዱ ማኅተም ያለው ሰው ተነሣ፤ የአንዱ መንገድ ከሌላው አይገጥምም። ሁሉም ግን የእውነት ቤት በር ላይ ሲደርስ ያንኑ ታሪክ ተናግሯል። ሊቀ ጥያቄ ብቻ በደስታ እጁን እያሻሸ፣ «ጥሩ ጥያቄ ያስነሣል፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ» ይል ነበር።

ሊቀ ሙከራ ጠረጴዛውን መታ። «ፀጥታ! ነገሩን በሥርዓቱ እንጨርሰው። ግማሹ ግርጌ ሰፈር ይውጣ፤ ግማሹ ይቀመጥ። ክረምቱ ሲያልፍ እናነጻጽራለን። ይህ ንጹሕ ሙከራ ነው።»

እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«መልካም ጌታዬ» አለች እማዋይሽ፣ አሁንም ወለሉን እያየች። «ግን የሚቀመጡት ወሬ ነው የሚሉት ቢሆኑ አይሻልም? አራታችሁ ክረምቱን እዚያ ብትከርሙ።»

«ቤቴ ይበቃችኋል!» አለች እትዬ አሰገደች። «አልጋ አለው፣ ጎመን አለው። ቁንጫ የለውም የሚል ወሬም አለ።»

አራቱ ሹሞች ተያዩ። ውጭ ነጎድጓድ ተንከባለለ። ሊቀ ፍርድ ቀስ ብሎ፣ «ጉድጓዱ ሩቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የእውነት ቤት ሹሞች ከወንበራቸው ሲነሡ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ወንበሩ ከሥራቸው የተነጠቀ ይመስል እየተጠራጠሩ ተራመዱ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ቁልቁል አዩ። ጉልቻው እንደቆመ ነው። ሊቀ ሙከራ ጭቃውን በእጁ ነካው፤ ሊቀ ግምት መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገ። ሊቀ ፍርድ ግን የተሰበረውን ድስት እያየ ቆየ።

«ነገሩ በሮቹን አልፏል» አለ በመጨረሻ።

«በየትኛው በኩል?» አለ ሊቀ ሙከራ።

«በ… አካባቢያቸው።» የእውቀት ማኅተሙንም ከኪሱ አውጥቶ ሸክላ ስላልነበረው በጉድጓዱ ጭቃ ላይ ጫነው።

ግርጌ ሰፈር ያን ዕለት ወጣ። አልጋ በራስ፣ ሕፃን በጀርባ፣ ዶሮ በብብት፤ እማዋይሽም የማታውቀውን ሰው ሙቀጫ ተሸክማ ከመካከላቸው ነበረች። ማዶ ያለው ኮረብታ ላይ ሸራ ወጥረው ተቀመጡ። ዝናቡ መጣና አላባራ አለ። አንድ ጧት ሁሉም ሰው ሸራው ሥር ሆኖ ሲያይ ዘንባላ ተራራ ትከሻውን እንደደከመው ሰው ጣል አደረገ። ድምፁ ቆይቶ ነው የደረሰው። ጭቃው የእትዬ አሰገደችን ጓሮ አልፎ፣ ቤቷን አልፎ፣ መንገዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እትዬ አሰገደች ዶሮዋን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። ሰው ሁሉ ሰውን መቁጠር ጀመረ፤ ልጅ እናቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን። የጎደለ አልነበረም።

ያኔ ሊቀ ግምት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልክ እንደ ገመትኩት» አለ።

እትዬ አሰገደች ቀስ ብላ ዞረች። «መቼ ነው የገመቱት ጌታዬ?»

ሊቀ ግምት አፉን ከፈተ። ቃል ከመውጣቱ በፊት ከሸራው ሥር አንዱ «አሁን!» ብሎ ጮኸ። ቤታቸው ጭቃ ሥር የገባባቸው ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አዝመራው ሳቀ፣ ምርኩዝ የያዙት አዛውንት ሳቁ፣ ሊቀ ፍርድም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ሊቀ ግምት ከሸራው ወጥቶ ዝናብ ላይ ብቻውን ቆመ።

እማዋይሽ አልሳቀችም። ከኋላው ሆና ጆሮዎቹን ነው ያየችው፤ ቀልተዋል። እርሷ ያንን ቅላት ታውቀዋለች። ራሷ ላይ የጣለችውን ጆንያ ይዛ ሄደችና ግማሹን እርሱ ላይ አደረገችለት።

«እኔም ልክ እንደዚያ ነበር ያልኩት» አለችው ቀስ ብላ። «ቃሉ አንዴ ከወጣ ተሸክመውት ነው የሚኖሩት።»

ሊቀ ግምት ጆንያውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «ምን ልበል ታዲያ?» አለ በሹክሹክታ።

«አላወቅኩም ነበር ይበሉ።»

«ጮክ ብዬ?»

«መጀመሪያ ለእኔ ይበሉት» አለች እማዋይሽ። «ከዚያ ለእትዬ አሰገደች። እሷ ለሌላው ታዳርሰዋለች።»